የመንዝ ባና ቀዳዳ

ጦርነቱ ሱዳን ከመግባቱ በፊት በነበረው ጥር ከባሕሪ ሰፈር ወደ ጀሪፍ ሰፈር ስሄድ ድልድዩ አጠገብ ከኢሃብ ጋር ተገናኘን። ኢሃብ አባቱ ሱዳናዊ፣ ነፍሷን ይማርና እናቱ የአገራችን ሰው ነበረች፤ ስለ ጨርቅ ተምሮ ባሕሪ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የምንሄደው አንድ ቤት ሆኖ ተገኘ። የሁለታችንም ወዳጅ ሰርካለም ወልዳለችና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልንላት ረክሻ በሚሉት አንድ ባጃጅ ተሳፈርን።

ሰርካለምን የሚያርሷት እናቷ እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው። ጀሪፍ ሲኖሩ ፀጉራቸው ቢሸብትም ከአራስ ቤት ሥርዓታቸው ንክች አላሉም። በሩና መስኮቱ ተዘግቷል፤ አልጋው ሥር ፍም የሞላ ምድጃ ተቀምጧል። ሕፃኑ ነብር በተሣለበት ቡጣኒያ ተጠቅልሎ እናቱ ክንድ ላይ ተኝቷል፤ የብርድ ልብሱም ጫፍ ወደ ፍሙ ተንጠልጥሏል። ኢሃብ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ጫፉን ሰብስቦ መስኮቱን ከፈተ።

«ልጄን በብርድ ልትጨርስብኝ ነው?» አሉ እትዬ፣ ተቆጥተው።

«ስሚኝ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ብርዱ አይገድልም። የተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ነው የሚገድለው። ይህ ቡጣኒያም ሱፍ አይደለም፤ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ነው።»

ዐረብኛ የለመደው ኢሃብ «እርስዎ» ማለትን አልተማረም፤ እሳቸውም አይቀየሙትም። የተቀየሙት ስለ ብርድ ልብሱ ነው። የሰርካለም ባል እናት በኺታ ያመጣችው ስጦታ ነውና ነገ መጥታ ልጁ ላይ ካላየችው ምን ትላለች? ሰርካለም ከአልጋዋ ሆና ሣጥን ውስጥ ከበግ ፀጉር የተሠራ የመንዝ ባና እንዳለ ስትናገር ደግሞ ይበልጥ ከፋቸው። የአያቷ ባና የገበሬ ልብስ ነው፣ ይኮሰኩሳል፣ ደግሞም የተቃጠለ ቀዳዳ አለው፤ ለአማት አይታይም አሉ።

እኔ አስታራቂ ነኝ ብዬ ባናውን አስወጣሁ። ኢሃብ ከሁለቱም አንዳንድ ክር መዘዘና በመቆንጠጫ ይዞ ፍሙ ላይ አስጠጋ። የቡጣኒያው ክር ተኮማትሮ ቀለጠ፤ ጠብ ያለውም ጥቁር ሆኖ ደረቀ። የሱፉ ክር የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ ከፍሙ ሲያርቀው ግን እሳቱ ወዲያው ጠፋ፤ አመዱም በጣቱ መሐል ደቀቀ።

«ያኛው ቆዳ ላይ ቢቀልጥ አይላቀቅም» አለ ኢሃብ። «ሱፍ ግን እሳትን ቶሎ አይቀበልም።»

እትዬ ባናውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን በቀዳዳው ውስጥ አሳለፉ።

«ልጅ ሆኜ ይህን ባና ለብሼ እሳት ዳር ተኝቼ ፍም ወድቆብኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እናቴ ስትደርስ ባናው ጠቁሮ እሳቱ ጠፍቷል፤ እኔ እንቅልፌን እተኛለሁ። ይህን ቀዳዳ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ስደብቅ የኖርኩት።»

አለቀሱ። ከዚያ ምድጃውን አንስተው ወደ ግቢ ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

ኢሃብ ቡጣኒያውን አላዋረደም፤ ርካሽ ነው፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ከእሳት ብቻ ይራቅ አለ። ስለዚህ በእንግዳ መቀመጫው ላይ በክብር ተነጠፈ። ሕፃኑ በስስ ጥጥ ተጠቅልሎ እናቱ እቅፍ ገባ፤ ባናው በእሷ ትከሻ ላይ ዋለ። ሱፍ አየር አምቆ ያሞቃል፤ ላብም ይመጥጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ሳይጠመዘዝ ጥላ ሥር ከደረቀ፣ ብልም እንዳይበላው አየር ካገኘ ከእናት ለልጅ ያልፋል። ይህን ሁሉ እትዬ ራሳቸው ደጋግመው አስጠኑን፤ መምህሩ ኢሃብ መሆኑን ረስተውታል።

በማግስቱ በኺታ ስትመጣ እኔም ነበርኩ። ዓይኗ መጀመሪያ ነብሩን ፈለገ፤ መቀመጫው ላይም አገኘችው። እትዬ ጎትተው አልጋው ዘንድ ወሰዷትና ጣቷን በባናው ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት።

በተሰባበረ ዐረብኛቸው ታሪኩን ነገሯትና «ልጄም የልጅ ልጃችንም የመጡት በዚህ ቀዳዳ በኩል ነው» አሏት።

በኺታ ጣቷን ቶሎ አላወጣችም። ቆይታ ባናውን በምራቷ ትከሻ ላይ ደህና አድርጋ አስተካከለችና አጠገቧ ተቀመጠች።