የአራሷ መሸሻ

ከማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚሄደው አውቶብስ ላይ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ከጎናቸው ካለው ሰውዬ ጋር ጨዋታ ይዘዋል።

«ወንዙ ሲሞላ ደወል ይደወላል፤ ሰፈርተኛው በሙሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሸሻል።»

«ደግ ደንብ ነው።»

«ልጄ ግን አራስ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ቄሱ ‹እኛ ቤት ትምጣ› አሉ፤ ቤታቸው ጉብታው ላይ ነው።»

«ተደወለ?»

«ባለፈው ሰንበት። ውሃው ደጃችን ደርሶ ተመለሰ።»

«ተመስገን። ልጅዎም ቤቷ ገባች?»

«የቄሱ ሚስት መች ለቀቋት? ገንፎ እያበሉ ‹ክርስትና ሳታስነሺ አትሄጂም› ብለዋታል።»

«ቄሱስ?»

«ቀዳሽ አራስ ቤት ይገባል እንዴ? ደጀ ሰላም ነው የሚያድሩት።»

«ልጁ ወንድ ከሆነ እንኳ በአርባ ቀኑ ይገላገላሉ።»

«ሴት ናት፤ ሰማንያ ቀን ይጠብቋታል።»

አማኑኤል እስክንደርስ የቄሱ ጋቢ ውፍረት ሲያሳስበኝ ቆየ።