መጋረጃ የሌለው ቪላ

ከባለቤቴ ጋር ለዕረፍት ጣና ዳር አንድ አሮጌ ቪላ ተከራየን። በንጉሡ ዘመን የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ እንዳለ መስታወት፣ መጋረጃ የሚባል ነገር የለውም። በነጋታው ገና ቁርስ ሳንቀምስ ሦስት ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች በሣሩ ላይ ቀስ እያሉ ወደ እኛ ሲመጡ አየሁና ክው አልሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ የአካባቢውን ሽማግሌ ልኮ በማለዳ ያስነግራል። የባለቤቴ እናት ደግሞ ቆላ ድባ ታመው ተኝተዋል። እንዳታያቸው ልጋርዳት ብል በምን? አየቻቸው። "ወይኔ እናቴን!" ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው።

ሽማግሌዎቹ ሮጠው ገቡ። "ማን አርፎባችሁ ነው ልጆቼ?" አሉ ከመካከላቸው ቄሱ።

"እናንተ ልትነግሩን አይደለም እንዴ የመጣችሁት?" አልሁ።

"በስመ አብ! እኛስ ኪዳን አድርሰን ስንመለስ ጓዳችሁ ሁሉ ከሐይቁ ዳር መንገድ ይታያል፤ ጋቢም ቢሆን ስቀሉበት ልንል ነው።"

ባለቤቴ አላመነቻቸውም። ስልክ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሽማግሌዎቹም መሄዱን ትተው ከእኛ ጋር ቆመው ጠበቁ። በስንት ጥሪ የእናቷ ድምፅ መጣ፦

"ምነው በዚህ ማለዳ? ማን ሞተ?"