ከካርቡራተሩ የወጣው ክር

ደብረ ዘይት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፤ ጡረታ የወጣው ሹፌር ጌጤነህ የአሮጌ ቮልሱን ካርቡራተር ፈታቶ ግቢው ውስጥ በትሪ ላይ ዘርግቷል፤ መኪናዋን የሚገዛው ሰው እየተጠበቀ ሳለ ሚስቱ ይፍቱስራ ከገበያ ትገባለች።

ጌጤነህ፦ ዘንቢሉን አስቀምጪና ነይ። ወደ ጓዳ አይደለም፤ ወደዚህ!

ይፍቱስራ፦ ምነው፣ ምን ሆንክ? ደግሞ ለምን ፈታታኸው? ሰውየው እኮ አሁን ከች ይላል። ለሚሸጥ መኪና ምን አደከመህ?

ጌጤነህ፦ ዕድሜ ልኳን የተሸከመችኝን መኪና እንደ ቆሸሸች ለሰው ልስጣት? እጅሽን ዘርጊ።

ይፍቱስራ፦ ሽንኩርት ነክቻለሁ…

ጌጤነህ፦ ዘርጊ አልኩሽ! ይኼ ምንድን ነው?

ይፍቱስራ፦ ክር ነዋ።

ጌጤነህ፦ ክር መሆኑንማ እኔም አላጣሁትም። የምን ክር?

ይፍቱስራ፦ እኔ ምን አውቄ? ከሹራብህ የተመዘዘ ይሆናላ።

ጌጤነህ፦ ሹራቤ ነጭ ነው እንዴ? ይፍቱ፣ ይኼ የዳንቴል ክር ነው። ሶፋውን ያለበስሽበት፣ ቴሌቪዥኑን ያለበስሽበት፣ የውሃ ጆጉን ሳይቀር ያለበስሽበት ክር። እዚህ ቤት ዳንቴል ያልለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ይፍቱስራ፦ እሺ፣ የዳንቴል ይሁን። ንፋስ አምጥቶት ይሆናል።

ጌጤነህ፦ ንፋስ! ንፋሱ ካርቡራተሩን ከፍቶ፣ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ናስ አውጥቶ፣ የስፒል ጫፍ በምታክል ቀዳዳዋ ውስጥ ክር ጠቅጥቆ፣ መልሶ አስሯት ሄደ? እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ንፋስ ካለማ ይምጣና ይሥራልኝ።

ይፍቱስራ፦ ኧረ ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል።

ጌጤነህ፦ ይስማ! እስቲ ንገሪኝ፣ ካርቡራተር በፈታሁ ቁጥር ናሷን የሚያጥባት ማነው?

ይፍቱስራ፦ እኔ ነኝ።

ጌጤነህ፦ በላምባ አሽቶ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ የሚያያትስ?

ይፍቱስራ፦ እኔ ነኝ አልኩህ እኮ።

ጌጤነህ፦ እኔስ ከማሰሬ በፊት ምን ብዬ ነው የምጠይቅሽ?

ይፍቱስራ፦ ተው በናትህ፣ ጌጤ።

ጌጤነህ፦ ምን ብዬ?

ይፍቱስራ፦ «ብርሃን ይታያል?» ትለኛለህ።

ጌጤነህ፦ አንቺስ?

ይፍቱስራ፦ ይታያል እላለሁ።

ጌጤነህ፦ ዓመት ሙሉ ይታያል አልሽኝ! መኪናዋ ትነሳለች፤ ቤንዚን ስረግጥላት ከአጥሩ በር ሳታልፍ ጸጥ ትላለች። ናሷ ናት ብዬ እኮ ጠርጥሬ ነበር። ደጋግሜ ጠየቅኩሽ። «ጥርት ብሎ ይታያል» አልሽ። ከዚያ ወዲያ ማንን ልጠርጥር? ራሴን ጠረጠርኩ።

ይፍቱስራ፦ ዛሬ እንዴት አገኘኸው?

ጌጤነህ፦ አንቺ ስላልነበርሽ ነዋ! ልያት ብል ዓይኔ እምቢ አለኝ። በአፌ ነፋኋት፤ አላሳልፍ አለች። በስፒል ስጎረጉራት ይኼ ወጣ። መጀመሪያማ ደስ ብሎኝ ሳቅኩ። የማን ክር እንደሆነ ሲገባኝ ግን ሥራውን ትቼ አንቺን መጠበቅ ጀመርኩ።

ይፍቱስራ፦ ዓይኔ እምቢ አለኝ አልክ?

ጌጤነህ፦ ምን?

ይፍቱስራ፦ አሁን ከአፍህ ወጣ እኮ። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ብለኸኝ አታውቅም።

ጌጤነህ፦ ወሬ አታስቀይሪ።

ይፍቱስራ፦ ወሬው እሱ ነው! ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ «ገና አልጃጀሁም» ብለህ ስንት ቀን አኮረፍከኝ? መነጽር ባመጣልህ አንስተህ ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠኸው። የመኪናዋን ቁልፍ ብደብቅ ሌላ አስቀረጽክ። ምን ላድርግ?

ጌጤነህ፦ ስለዚህ እጄን ቆረጥሽው።

ይፍቱስራ፦ እጅህን ማን ነካው?

ጌጤነህ፦ አንቺ! የሰፈሩ ሰው ሞተሩን እየገፋ እዚህ ደጅ አይደለም እንዴ የሚመጣው? መምሬ ገላው ጀነሬተራቸውን ይዘው ሲመጡ ምን አልኳቸው? «የራሴን መኪና እንኳ መጠገን አቅቶኛል፤ እጄ ከድቶኛል፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አልኳቸው። አጠገቤ ቆመሽ ነበር፣ ይፍቱ። ከንፈራቸውን ሲመጥጡልኝ ሰምተሻል። ከአንድ ሁለቱ በቀር መፍቻዎቼን ሁሉ ለእህቴ ባል ስሰጥ በላስቲክ የጠቀለልሻቸው አንቺ ነሽ! ምን አፍሽን ያዘው?

ይፍቱስራ፦ ያን ቀን ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሞ ብነግርህ በማግስቱ ትነዳለህ ብዬ ዋጥኩት።

ጌጤነህ፦ ብነዳስ? ማንን ገጨሁ? እስቲ አንድ ሰው ጥሪ!

ይፍቱስራ፦ ያለፈው ዓመት ፋሲካ ሰሞን፣ ከገበያው ማዞሪያ ላይ አንዲት ሴት ልትጨፈልቅ ነበር።

ጌጤነህ፦ አልነካኋትም። ራሷ ዘላ ገባችብኝ። እብድ ነች።

ይፍቱስራ፦ እብድ መሆኗንማ መስኮት አውርደህ ነግረሃታል።

ጌጤነህ፦ ነገርኳት፣ አዎ! ለአንቺ ማን አወራልሽ?

ይፍቱስራ፦ ማንም አላወራልኝም። ዶሮዬን እንዳቀፍኩ ቦዩ ውስጥ የወደቅኩት እኔ ነኝ።

ጌጤነህ፦ ምን አልሽ?

ይፍቱስራ፦ እኔ ነኝ፣ ጌጤ። እዚህ፣ አሁን የቆምኩበት ያህል ነበር የምርቅህ። ዓይን ለዓይን እያየኸኝ ነው የሰደብከኝ። አላወቅከኝም። ተነሳሁ፣ ጫማዬን ፈለግኩ፣ ቤት ገብቼ ልብሴን ቀየርኩ፣ እራትህን አቀረብኩልህ። አንተ «ዛሬ አንዲት እብድ ገጠመችኝ» እያልክ እየሳቅክ በላህ። ክሩን ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጌጤነህ፦ ተጎድተሽ ነበር?

ይፍቱስራ፦ ጉልበቴን። ደረጃ አዳልጦኝ ነው ያልኩህ ጊዜ።

ጌጤነህ፦ እሱንም ዋሸሽኝ።

ይፍቱስራ፦ ታዲያ ምን ልበልህ? ሚስትህን አላወቅካትም ልበልህ?

ጌጤነህ፦ አዎ፣ እሱን በይኝ! ጉልበትሽን አሳይተሽ እሱን በይኝ! በዚያችው ሰዓት ቁልፉን እጅሽ ላይ አስቀምጥልሽ ነበር።

ይፍቱስራ፦ አታስቀምጥም ነበር።

ጌጤነህ፦ መች ሞከርሽኝ? ዓይኔ ቢሄድ እጄ ይቀርልኝ ነበር። በዳበሳ እኮ ነው የምፈታው የማስረው! አንቺ የሚቀርልኝን ወሰድሽብኝ።

ይፍቱስራ፦ ፈራሁ። አብሬህ አርጅቼ ፊቴ የጠፋህ ጊዜ፣ ቃል ባወጣ የማይመለስ ነገር የሚሆን መሰለኝ። አጠፋሁ። ይቅር በለኝ… በሩ ተንኳኳ። ሰውየው ነው። አይሸጥም ብዬ ልመልሰው?

ጌጤነህ፦ አስገቢው። ይውሰዳት። መንዳት እንደሌለብኝ ገብቶኛል። ብቻ ጥቂት ይታገሰኝ፤ ገጣጥሜ፣ አስነስቼ፣ መንገድ ላይ ስትበር አይቶ ነው የሚወስዳት።

ይፍቱስራ፦ በል ናሷን ስጠኝ፣ ልያትልህ።

ጌጤነህ፦ አትንኪያት!

ይፍቱስራ፦ እሺ፣ እሺ። ሰኞ ግን ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። እጅህን ይዤ እወስድሃለሁ።

ጌጤነህ፦ እሄዳለሁ። እህቴ ትወስደኛለች፤ እደውልላታለሁ።

ይፍቱስራ፦ እኔ ሚስትህ ቁጭ ብዬ? ሰው ምን ይለኛል?

ጌጤነህ፦ ከእንግዲህ የምሄደው በሰው ዓይን ነው፣ ይፍቱ። ያ ሰው ደግሞ አንቺ ነበርሽ፤ የማይታየውን «ይታያል» እስካልሽኝ ድረስ።