ያመልጠኛል ያልኩ ዕለት

በእኛ ጊዜ ከወገብ በታች ያለ ነገር ስም አልነበረውም። ሆድ ነበር፣ ጉልበት ነበር፣ በመሀል ምንም የለም። ስምንት የወለደች ሴት እንኳ ስለዚያ ሰፈር ከተጠየቀች «እግዜር ይወቅ» ነው የምትለው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ታዲያ እኔም በዚያው ኖርኩና አረጥኩ። ካረጥኩ በኋላ ሲውል ሲያድር ደግሞ አንድ ነገር መጣ፣ ሳስል ጠብ፣ ሳስነጥስ ጠብ፣ ስስቅማ ተዉት። ያቃጥለኛልም፣ ያደርቀኛልም። ለማን ይነገራል? ውሃ ካልገባ ውሃ አይወጣም ብዬ መጠጣቱን ተውኩ፣ ጭራሽ ባሰብኝ።

ጥሩወርቅን ታውቋት የለ፣ ያቺ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከላይ በኩል ያለችው? አብሮ አደጌ ናት። ባሏ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ ጥቁሯን አላወለቀችም፣ ሰፈሩ ሁሉ «ባል መውደድ እንዲህ ነው» ይላታል። እና እኔና እሷ ከልጅነታችን ጀምሮ በየወሩ በሃያ አንድ ለማርያም እንጦጦ በእግራችን ነው የምንወጣው። እሷ ደግሞ ዳገቱን ሙሉ የሰው አነጋገር ስትቀዳ ነው የምትወጣው። አንድ ቀን የእድራችንን ጸሐፊ ቀዳችልኝ፣ «እእ... ያልመጣችሁ... እእ... እጃችሁን አውጡ» ስትል፣ እኔ ባሕር ዛፍ ተደግፌ ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፣ አለቀልኝ። ደግነቱ እሷ ፊት ፊት ነበር የምትሄደው። ነጠላዬን አገለደምኩና ከመንገድ ተመለስኩ። እንዲያ ሆኜ እንዴት ከማርያም ደጅ እቆማለሁ?

ከዚያ ወዲያ «ጉልበቴን አሞኛል» ማለት ሆነ ሥራዬ። አንድ ወር ጉልበቴን፣ ሁለት ወር ጉልበቴን። በሦስተኛው ወር ሾላ ገበያ ጎመን ይዤ ስከንፍ አገኘችኝ።

«አዬ ዘነቡ፣ ጉልበትሽ ለሾላ ሲሆን ይድናል? ጠልተሽኝ እንደሆን ጠላሁሽ በይኝ» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሰላምታዋ በአንገቷ ብቻ ሆነ። ዕድሜ ልኬን አብሬያት የሳቅኩ ሰው። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ምግብም አስጠላኝ።

ታዲያ ልጄ አስቴር ከየካ አባዶ መጣችና «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የከሳሽው?» ብላ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው። «እማማ ምን ልርዳዎት?» አለኝ። ምን ልበለው? መሬት መሬት እያየሁ «ያመልጠኛል» አልኩት።

«በቀን ስንት ጊዜ ያመልጥዎታል?»

«ሦስቴም አራቴም።»

ጻፈ፣ ጻፈ። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ። ለማርያም ሦስት ቀን ቀረው።»

«አሁን ያለነው የት ነው?»

«ምነው ልጄ፣ ጠፍቶብህ ነው?»

«አሁን ሦስት ነገር እነግርዎታለሁ፣ ይያዙልኝ። ሎሚ፣ ቁልፍ፣ በቅሎ።»

እኔ እኮ መድኃኒቱ መስሎኛል። ሎሚውንስ እጠጣዋለሁ፣ ቁልፉንም ይሁን፣ በቅሎዋን ግን ምን ላደርጋት ነው እያልኩ ሳስብ፣ ወደ አስቴር ዞሮ «እናትሽ መርሳት የጀመሩት መቼ ነው?» አላት።

«እማዬ? የኔን ክርስትና ዘግይቶ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ ታነሳለች» አለች።

ይሄኔ ገባኝ። ልጁ ከላይ የሚያመልጠኝ መስሎታል። ሳቄ መጣ፣ ያዝኩት፣ በቅሎዋ ትዝ አለችኝ፣ አልቻልኩም፣ እዚያው ወንበሩ ላይ።

«ይኸው ልጄ፣ አሁን አመለጠኝ። ሽንቴ ነው» አልኩት።

ስሙን ጠራሁት። በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። እና ልጁ አልሳቀም፣ ይባረክ። ሽንቴን አስመረመረ፣ ለድርቀቱና ለማቃጠሉ የሚቀባ አዘዘልኝ፣ «ካረጡ በኋላ ብዙ ሴት ይደርስባታል፣ ውሃ ይጠጡ» አለኝ። ደግሞ ስፖርት ሰጠኝ። «ሽንት እንደሚይዝ ሰው ውስጥዎን ይጭመቁ፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ይልቀቁ። አስር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ትንፋሽዎን ግን አይያዙ። ወዲያው ለውጥ አይጠብቁ፣ ወራት ይፈልጋል።»

ታክሲ ውስጥ ስጨምቅ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?» ይለኛል። «የለም ልጄ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት።

ሦስተኛው ወር ላይ ጥሩወርቅ ደጅ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ጉልበቴ አልነበረም። ስታስቂኝ ሽንቴ ያመልጠኝ ነበር» አልኳት።

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «አንቺ ሞኝ» አለችኝ፣ «እኔስ ይሄን ጥቁር የምለብሰው ለሟቹ ይመስልሻል? ጥቁር እኮ እርጥብ አያሳይም።»

ደጃፏ ላይ ተቃቅፈን ሳቅን፣ እሷ አመለጣት፣ እኔ ያዝኩት። በማግስቱ እጇን ይዤ ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት። ዘንድሮ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለብሳ ነው ማርያም የምትወጣው፣ ሰፈሩ ደግሞ «ልታገባ ነው» እያለ ያማታል። «ያውሩ፣ አንቺ ግን ለልጆቹ እውነቱን ንገሪያቸው» ብላኛለች፣ ይኸው ነገርኳችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

(ከአድማጮቹ አንዷ፦ «እማማ፣ ሐኪም ቤቱ የት ነው ያሉት? ለአክስቴ ነው።»)

ለአክስትሽ ነው? እሺ፣ ለአክስትሽ ይሁን። ስትሄድ ግን ስሙን ጠርታ ትናገር፣ አለዚያ በቅሎ ያሸክሟታል።