አሥራ አራት እርምጃ ከቦረቦሩ አፍ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የቢያድግልኝ ባለቤት እህቴ ይርጋነሽና ልጆችሽ፣ ከሞጣ ከጉንደ ወይን መንገዱ ሳይበግራችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ሁላችንንም እግዜር ያጽናን። ወለተ ኢየሱስ ነኝ፤ ብዙዎቻችሁን ፊደል አስቆጥሬያለሁ። ዛሬ የቆምኩት ግን ጥፋቴን ለመናገር ነው።

ቢያድግልኝ ማን ነበር? ከዚህ ታች ያለውን የጎርፍ መከላከያ የድንጋይ ክትር ያቆመው ሰው ነበር። በ1978 ዓ.ም. ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ወደ መቃብራችን ሲሳብ፣ ያገኘነውን ድንጋይ ዝም ብለን ስንወረውር ያስቆመን እርሱ ነበር። «ትልልቁ ከታች፣ ትንንሹ ከመሃል። ጭቃ አታስገቡበት። ውሃን አትከልክሉት፤ አድክሙት» አለን። አንድ ቄስ «አንተ፣ ወንፊት ነው እንዴ የምታሠራን?» ቢሉት፣ «አዎ አባቴ፤ አፈሩን የሚያስቀር ወንፊት» አላቸው።

ክረምት ሲወጣ የተናደውን ድንጋይ መለሰ። በዓመቱም መለሰ። ሠላሳ ሦስት ዓመት መለሰ። እኛም በየመስከረሙ ከየእርሻችን አንድ አንድ ድንጋይ ተሸክመን እንመጣ ነበር። ታስታውሳላችሁ?

በ2011 በደብሩ ኮሚቴ ስብሰባ «የክትሩ ቀዳዳ በሲሚንቶ ይደፈን» ያልኩት እኔ ነኝ። ቢያድግልኝ ተነሣ።

«እታለም፣ ቀዳዳውን ከደፈንሽበት ውሃው በጎን ይዞራል።»

«የት ተምረህ ነው?» አልኩት። ቤቱ ሳቀ። እርሱም ፈገግ አለ።

«አልተማርኩም። ውሃውም አልተማረም።»

እጅ አወጣን፤ ተደፈነ። አማረም። ሥራው ያለቀ ስለመሰለን ድንጋይ ማምጣቱን ተውን። እርሱ አልተወም። ብቻውን መለሰ።

ውሃው ዞረ። አምና ሦስት መቃብር ወሰደ። የጎረቤታችን የሀብተ ሥላሴ እናት አጽም የተለቀመው ከወንዙ ዳር ነው። ከዚህ በኋላ ምን እላለሁ?

ታሞ ሳለ ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ይቅርታሽን ያዥው እታለም። መጀመሪያ ሲሚንቶውን አስነሺ» አለኝ። አላስነሣሁም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል እርሱ ሞተ።

ይርጋነሽ፣ ከላይ ከደህናው ስፍራ እንዲቀበር ለምነሽው ነበር። «እዚያው ከአፋፉ አጠገብ ቅበሩኝ። ውሃው ወደ እኔ ሲመጣ ምናልባት ሰዎቹ ለሥራ ይነሡ ይሆናል» አለሽ። ዛሬ ጠዋት በእግሬ ለካሁት። ከዚህ ጉድጓድ እስከ ቦረቦሩ አፍ አሥራ አራት እርምጃ ነው። አምና በአንድ ክረምት የበላው ዘጠኝ ነው። ሰኔ ሊገባ ስንት ቀን ቀረው?

ለሣልስቱ ስትመጡ ድጅኖና መዶሻ ይዛችሁ ኑ። ከየእርሻችሁም አንድ አንድ ድንጋይ። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አንድ ድንጋይ አያቅተኝም።

ቢያድግልኝ ወንድሜ፣ በሰላም እረፍ። ይቅርታዬን እንዳልከኝ ይዤዋለሁ። ሲሚንቶው የተነሣ ዕለት አመጣልሃለሁ።