አዞ ሐረጉ ያስለፈለፈኝ እሑድ

ብቸና ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንገቴ ላይ እባጭ ወጥቶ ሲያስጨንቀኝ፣ አከራዬ እማሆይ ነጭ አበባውን አጥራቸው ላይ ካንዠረገገው አዞ ሐረግ ቅጠል ሸምጥጠው፣ ወቅጠው አሰሩልኝ። "ማቃጠል ሲጀምር ቶሎ ፍታው፤ ቆዳ ይልጣል" አሉኝ። ነጠላዬን ደርቤ ቅዳሴ ገባሁ።

መሀል ላይ እንደ ፍም ይለበልበኝ ጀመር። አቋርጬ እንዳልወጣ ነውር ነው፤ ሰው መሀል እንዳልፈታው አፈርኩ። ስቁነጠነጥ ቆይቼ በመጨረሻ "ኧረ ተቃጠልኩ!" ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ሁለት ጎረምሶች ጨመደዱኝና እየጎተቱ አወጡኝ። ደጅ የነበሩ አንድ ቄስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ጫኑ።

"በየት ገባህ?"

"አንገቴ ላይ ነው፣ ፍቱልኝ!"

"ለፈለፈ! ለፈለፈ!" አለ ሕዝቡ፤ እልልታው ቀለጠ። እማሆይ እየተጋፉ ደርሰው "ልቀቁት! ሰይጣን አይደለም፣ የኔ ቅጠል ነው!" እያሉ ጨርቁን ፈቱልኝ። ማን ሊሰማቸው!

ሰኞ ሐረጉን ይዤ ክፍል ገባሁ። አበባውን፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ግንዱን፣ የሚያቃጥል ቅጠሉን አንድ በአንድ አስረዳሁ። "ጥያቄ ያለው?" ስል ከፊት ወንበር አንዷ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ለቀቀዎት?"