ወራጁ ማነው?

የሰበታ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ ወንበር ላይ አንድ ወጣት ጎኑ ለተቀመጡት የማያውቃቸው አዛውንት ስለ ጠፈር ያወራል።

«ወደፊት የሰውን አእምሮ ኮፒ አድርገው ማርስ ይልካሉ አሉ፣ አባባ። እኔ ብሆን የራሴን እልካለሁ።»

«አንተስ የት ትሆናለህ?»

«እኔማ እዚሁ ሰበታ።»

«ታዲያ ማን ሄደ?»

«እኔው ነኛ። ትዝታዬም ጠባዬም አብሮ ይሄዳል።»

«እዚያ ሲደርስ ‹ወራጅ አለ› የሚለው ማነው?»

«እኔ... ማለቴ እሱ።»

«አየህ፣ ‹እሱ› አልክ።»

«ልጅም እኮ ‹እሱ› ነው የሚባለው። ወልደን ሩቅ አገር እንልክ የለ?»

«ልጅማ ‹እኔ አንተ ነኝ› አይልህም።»

«ቢለኝስ ምን ይጎዳኛል?»

«አይጎዳህም። ምን ታገኛለህ ነው የምልህ።»

መውረጃዬ ደርሶ «ወራጅ አለ» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ፣ «ወራጁ ማነው?» እያልኩ ሳስብ አንድ ፌርማታ አለፍኩ።